መቅኒው ከያዘ በኋላ

በ1940ዎቹ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደሴና በወልድያ መካከል ባለችው ውርጌሳ አንድ ልጅ ፊቱ ቢገረጣ፣ ድዱ ቢደማ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ቢለው ጠበል ይወሰዳል፣ ዱዓ ይደረግለታል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀበራል። ቦስተን የተወለደው ልጅም ከዚህ እምብዛም የተሻለ ዕድል አልነበረውም። የበሽታው ስም ተነግሮለት፣ ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቶለት ይሞታል፤ ልዩነቱ ይኸው ነበር። በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባለ የቦስተን ሐኪም አሚኖፕተሪን የሚባል መድኃኒት ለሕፃናት ሰጥቶ የደም ካንሰሩ ሲያፈገፍግ አየ። ደስታው የቆየው ለወራት ብቻ ነው። በሽታው ተመልሶ መጣ።

ወደ ሌላው መንገድ፣ ወደ መቅኒ ንቅለ ተከላ፣ የመራው ሕክምና ሳይሆን ጦርነት ነው። ነሐሴ 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ከእሳቱ የተረፉ፣ ቁስል እንኳ የማይታይባቸው ሰዎች ከሳምንታት በኋላ ፀጉራቸው እየረገፈ፣ እየደሙ፣ ትኩሳት እየጣላቸው አለቁ። ጨረሩ የደም መፍለቂያ የሆነውን የአጥንት መቅኒ አድርቆት ነበር። የአሜሪካ መንግሥትም ሌላ ቦምብ ቢወድቅ ሰው በምን ይድናል የሚለው ጥያቄ አስጨነቀው። በ1949 ቺካጎ ውስጥ ሊዮን ጃኮብሰን የአይጦችን ጣፊያ በእርሳስ ከልሎ መላ አካላቸውን በገዳይ ጨረር ቢመታቸው አይጦቹ ተረፉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች ከጤነኛ አይጥ መቅኒ ቀድተው በጨረር ለተመታው ቢሰጡት እሱም ዳነ። በአሥርተ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ደግሞ የሚያድነው በመቅኒው ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሳይሆን በእንግዳው አካል ውስጥ ገብቶ የሚራባው ሕዋስ መሆኑ ተረጋገጠ። ዛሬ ስቴም ሴል የምንለው ይህንኑ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ ከዚህ ተነሥቶ አሰበ። የታመመውን መቅኒ ሆን ብሎ በጨረር መግደል፣ ከዚያም የጤነኛ ሰው መቅኒ በደም ሥር መስጠት። ቀዶ ጥገና የለውም፤ ደም እንደሚሰጥ ሁሉ በፕላስቲክ ቱቦ ይንጠባጠባል፣ ሕዋሶቹም መንገዳቸውን ራሳቸው ፈልገው አጥንት ውስጥ ይገባሉ። በ1957 ስድስት ሕሙማንን በዚህ መንገድ እንዳከመ ጽፎ አሳተመ። ስድስቱም መቶ ቀን አልሞላቸውም።

በማግሥቱ ዓመት፣ ጥቅምት 15 ቀን 1958፣ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ቪንቻ በምትባል ቦታ የምርምር ሬአክተር ከቁጥጥር ወጣ። በጨረር የተመቱት ስድስት ወጣቶች ወደ ፓሪስ ተወሰዱና ጆርጅ ማቴ ለተባለ ሐኪም ተሰጡ። ማቴ ያለው ምርጫ ጠባብ ነበር። ሰዎቹ ደም ማፍለቅ አቁመዋል፤ ቶማስ በዚህ መንገድ ያከማቸው ስድስቱም ደግሞ ሞተዋል። እንዲያም ሆኖ መቅኒ የሚሰጥ ሰው ጠየቀ፣ የማያውቋቸው ፈረንሳውያንም ፈቀዱ። ከለጋሾቹ አንዷ የአራት ልጆች እናት ነበረች፤ ሌላው ከራሱ ከማቴ ቡድን የሆነ ሐኪም ነው። አምስቱ ታማሚዎች መቅኒ ተቀበሉ። ከአምስቱ አንዱ ሞተ፣ አራቱ ተረፉ፤ መቅኒ ያልተሰጠው ስድስተኛውም ተረፈ። የተረፉት በተሰጣቸው መቅኒ ይሁን የራሳቸው መቅኒ ቀስ ብሎ በማንሰራራቱ ባለሙያዎች ለዓመታት ተከራክረውበታል። በእኔ በኩል ከክርክሩ ይልቅ የአራት ልጆች እናቷ ትደንቀኛለች። በዚያ ዘመን መርፌውን አጥንቷ ውስጥ ለማያውቃት ሰው ሕይወት ስታስገባ፣ ይሠራል ብሎ ሊያረጋግጥላት የሚችል አንድም ሐኪም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው አሥር ዓመት ጨለማ ነው። በ1970 ሞርቲመር ቦርቲን የተባለ አሜሪካዊ እስከዚያ በጽሑፍ የተዘገቡትን 203 የመቅኒ ንቅለ ተከላዎች ሰብስቦ ሲቆጥር መዝገቡ በአብዛኛው የሞት መዝገብ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሐኪሞች ሥራውን ተዉት። ችግሩ ኩላሊት ከመትከል የተለየ ነበር። ኩላሊት ሲተከል የሚያስፈራው አካሉ እንግዳውን ኩላሊት እንዳይጥለው ነው። መቅኒ ግን የተከላካይ ሕዋሶች መፍለቂያ ስለሆነ እንግዳው ራሱ ባለቤቱን ይወጋል፤ ቆዳውን፣ አንጀቱን፣ ጉበቱን፣ ሳንባውን። ሐኪሞች ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. ይሉታል። ቶማስና ባልደረባው ራይነር ስቶርብ ሲያትል ውስጥ ውሾች ላይ እየሠሩ ለጋሹና ተቀባዩ በሕዋስ ዓይነት ካልተመሳሰሉ ጥቃቱ እንደማይበርድ አሳዩ። ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ ከ1958 ጀምሮ በሰው ላይ ያገኘው የሕዋስ መለያ የሚያገለግለውም እዚህ ላይ ነው። ወንድምና እህት የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። በ1968 ሮበርት ጉድ ሚኒሶታ ውስጥ ተከላካይ ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን የእህቱን መቅኒ ሰጠው፤ ልጁም አደገ።

በ1977 ቶማስና ቡድኑ የመቶ ታማሚዎችን ታሪክ አሳተሙ። ሁሉም ሌላ ሕክምና እምቢ ያላቸው፣ የደም ካንሰራቸው ጫፍ የደረሰ ነበሩ። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ተኩል ከቆዩ በኋላ 13ቱ ከበሽታው ነፃ ሆነው በሕይወት ነበሩ። አሥራ ሦስት ከመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት እንዲህ ካሉት ሕሙማን አንድም አይተርፍም ነበር። ታዲያ ሰማንያ ሰባቱን ምን ገደላቸው? ካንሰሩ ከተመለሰባቸው ሌላ ብዙዎቹን የወሰደው ሳንባ ነው።

የዚያን ጊዜው ሞት መልኩ የታወቀ ነበር። ታማሚው ከባዱን ሳምንት ያልፋል፤ መቅኒው ይይዛል፣ ነጭ የደም ሕዋሱ መውጣት ይጀምራል፣ ቤተሰብ እፎይ ይላል። በሁለተኛው ወር ገደማ ደረቅ ሳል ይጀምረዋል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ራጅ ሲነሣ ሁለቱም ሳንባ ነጭ ሆኖ ይታያል። አክታው ሲመረመር ባክቴሪያ የለም። ሲያትል ውስጥ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የሌላ ሰው መቅኒ ከተቀበሉት ከአሥሩ አራት ያህሉ እንዲህ ያለ የሳንባ ምች ያዛቸው፤ አብዛኞቹም አልተነሡም። የሲያትሉ ሐኪም ጆኤል ማየርስና ጓዶቹ የሞቱትን ሳንባ እየመረመሩ ሲሄዱ ብዙዎቹ ላይ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ አገኙ። ይህ ቫይረስ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ የሚይዘው፣ ጤነኛውን የማያስቸግር፣ ዕድሜ ልክ በአካል ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ነው። ተከላካዩ ሲጠፋ ይነሣል።

ቀሪዎቹስ? አብዛኞቹ ላይ ምንም አልተገኘም። ጨረሩ ላይ ጥርጣሬ ወደቀ። ሳንባ ለጨረር ስስ ነው፤ ጨረሩን ባንድ ጊዜ ከመስጠት በትንሽ በትንሹ ለቀናት ከፋፍሎ መስጠትና ሳንባውን መከለል የምቹን ቁጥር ቀነሰው። ሌላ ፍንጭ ደግሞ ከመንትዮች መጣ። ከአንድ እንቁላል ከተወለደ መንታው መቅኒ የተቀበለ ሰው ቫይረሱ ቢኖርበትም በቫይረሱ ምች የሚያዘው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። እንግዲህ ቫይረሱ ብቻውን አይገድልም ማለት ነው፤ የእንግዳው መቅኒ ጥልም እጁ አለበት። የሰውነት ደም ሁሉ በሳንባ ስለሚያልፍ የተቆጡ ተከላካዮችም በዚያ ያልፋሉ፣ እዚያም ይከማቻሉ።

በ1982 ከባርሴሎና አንድ አጭር ዘገባ ወጣ። መቅኒ ተተክሎለት የቆየ፣ ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. ሥር የሰደደበት አንድ ጎልማሳ በትናንሽ የአየር ቧንቧዎች በሽታ ሞተ። ይህ እስከዚያ ከሚታወቀው የተለየ ነው፤ አይቸኩልም። በወራት ወይም በዓመት ውስጥ ይመጣል። ትኩሳት የለውም፣ ራጁም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሰውየው የሚለው ዳገት ስወጣ ይደክመኛል ነው። የመስኖ ቦይ በደለል እየሞላ ውኃው እየቀጠነ እንደሚሄድ፣ ትናንሾቹ ቧንቧዎች በጠባሳ ይሞላሉ፤ አየር ይገባል፣ መውጣት ግን ይቸገራል። አስም ነው ተብሎ ስንቱ ሲታከም እንደኖረ መገመት ይቻላል። የአስም መድኃኒት አስሙን እንደሚያስታግስ ይህን አያስታግስም፤ የተዘጋውም ቧንቧ አይከፈትም። ከሌላ ሰው መቅኒ ከተቀበሉት ከሃያው አንዱ ያህል ይደርስበታል፤ ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. ሥር የሰደደባቸው ላይ ደግሞ ከዚያ በሁለት እጥፍ የሚበልጥ ነው።

በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ መፍትሔው መምጣት ጀመረ። ሳይክሎስፖሪንና ሜቶትሬክሴት የተባሉትን መድኃኒቶች አጣምሮ መስጠት ጥሉን እንደሚያበርድ ስቶርብ በ1986 አሳየ። በዚያው ዓመት ቫይረሱ ለሌለበት ታማሚ ቫይረስ የሌለበት ሰው ደም ብቻ መስጠት እንደሚጠብቀው ታወቀ። በ1988 ጋንሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ቫይረሱን ከሚዋጋ ፕሮቲን (አንቲቦዲ) ጋር ሲሰጥ ከዚህ ምች የሚተርፍ ሰው መታየት ጀመረ። ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በ1991 ነው፣ የተለወጠውም መድኃኒቱ አልነበረም፤ ጋንሲክሎቪር ያው ጋንሲክሎቪር ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ነው። ሳሉን ከመጠበቅ ይልቅ ታማሚው ደህና ሳለ እየመረመሩ፣ ቫይረሱ ብቅ ሲል ወዲያው መድኃኒቱን መጀመር። ምቹ ከተነሣ በኋላ ሲሰጥ ብዙዎቹን ያላዳነው መድኃኒት ቀደም ብሎ ሲሰጥ ምቹን አስቀረው። በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት የገባችው ኮትሪሞክሳዞል የምትባለው ርካሽ ኪኒንም በዚሁ መንገድ ሌላውን የሳንባ ምች ዓይነት አስቀርታለች።

ዶናል ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ኩላሊት ተክሎ በመጀመሪያ ከተሳካለት ከጆሴፍ መሪ ጋር ተካፍሎ። ስለ ሽልማቱ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ አልጨምርበትም።

ከሽልማቱ ስድስት ዓመት በኋላ የወጣ አንድ ጥናት ግን ይዘለላል ብዬ አላምንም። ጎርደን ሩበንፌልድና ስቲፈን ክሮፎርድ የተባሉ የሲያትል የሳንባ ሐኪሞች መቅኒ ከተተከለላቸው በኋላ በመተንፈሻ መሣሪያ የተያዙ 865 ሕሙማንን መዝገብ ገለበጡ። በሕይወት የወጡት 53 ናቸው። ሳንባቸው ተጎድቶ በዚያ ላይ የደም ግፊታቸው በመድኃኒት የተያዘ፣ ወይም ጉበትና ኩላሊታቸው የደከመ 398 ያህል ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንድም አልተረፈም። ጥናቱ ያነሣው ጥያቄ ማሽኑ መቼ ይቁም የሚል ነው፤ ይህም ለቤተሰብ እውነቱ መቼ ይነገር የሚለውን ያስከትላል። በአገራችን ቤተሰብ ለታማሚው እንዳይነገር የሚለምንበት፣ ሐኪሙም በአብዛኛው የሚያከብርበት ባህል ስላለ ይህ ጥያቄ ለእኛ ከሲያትልም የከበደ ይመስለኛል።

አዲሱ ምዕት ዓመት ሲገባ ሥራው በጥቃቅን ነገሮች ተገፋ። መቅኒውን ጨርሶ የማይገድል ለስለስ ያለ ዝግጅት መጣ፤ ሽማግሌና ሳንባው ደካማ የነበረውም ሰው ለንቅለ ተከላ በቃ። በ2002 ቮሪኮናዞል የተባለው መድኃኒት አስፐርጊለስ በተባለው ሻጋታ ላይ ከቀድሞው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሲ.ቲ. ስካን ራጅ የማያሳየውን አሳየ። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ምን እንዳመጡ በ2010 ታየ። የሲያትሉ ፍሬድ ሃቺንሰን ማዕከል ከ1993 እስከ 1997 ያከማቸውን 1,418 ሰዎች ከ2003 እስከ 2007 ካከማቸው 1,148 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ካንሰሩ ሳይመለስ፣ በራሱ በሕክምናው መዘዝ የመሞት አደጋ በመጀመሪያዎቹ 200 ቀናት ውስጥ በ60 በመቶ ቀንሷል፤ አጠቃላይ የመሞት አደጋው ደግሞ በ41 በመቶ። በ2012 መጨረሻ በዓለም ላይ የተደረጉት ንቅለ ተከላዎች አንድ ሚሊዮን ሞሉ።

የአየር ቧንቧው በሽታ ግን ቀላል አልሆነም። እዚህ ላይ ነው አማራ ክልል የሚያውቀው ኪኒን ታሪኩ ውስጥ የሚገባው። አዚትሮማይሲን፣ በንግድ ስሙ ዚትሮማክስ፣ ለዓይን ማዝ ማጥፊያ በክልሉ ለዓመታት በየመንደሩ በዘመቻ ሲታደል የኖረ መድኃኒት ነው። ሰው ሁሉ በዓመት አንዴ በቁመቱ ልክ እየተለካለት ውጦታል። ይኸው መድኃኒት ባክቴሪያን ከመግደሉ ሌላ የአየር ቧንቧ ብግነትን ያበርዳል። በ2016 ከሚነፋና ከሌላ አንድ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ የቧንቧው በሽታ ገና ለጀመራቸው 36 ሰዎች ተሰጠ፤ በሦስት ወር ውስጥ የከፋባቸው 6 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ቀድሞ 40 በመቶ ይጠበቅ ነበር። ታዲያ ሰው ሳይታመም አስቀድሞ ቢሰጠውስ? በ1991 ያዳነው ይህ አስተሳሰብ አልነበረም እንዴ?

ፈረንሳውያን ሞከሩት። በ480 ሰዎች ላይ፣ ግማሾቹ አዚትሮማይሲን፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሁለት ዓመት ሊወስዱ ተመደቡ። ጥናቱ ሳያልቅ ቆመ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከሦስቱ አንዱ ያህል ካንሰሩ ተመለሰባቸው፣ ባዶውን ከወሰዱት ግን ከአምስቱ አንዱ ገደማ። መድኃኒቱ ከተመደበላቸው 95 ሰዎች፣ ባዶው ከተመደበላቸው 66 ሞቱ። በነሐሴ 2018 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ያልተቋጨ ነው፤ ብግነቱን ያበረደው መድኃኒት ካንሰሩን የሚያጠፋውን ተከላካይም ሳያበርደው አልቀረም የሚለው ግምት ሚዛን ይደፋል። የእንግዳው መቅኒ ጠብ ሁለት ስለት አለው፤ ሳንባውን የሚወጋውም፣ የቀረውን ካንሰር የሚያጠፋውም እሱ ነውና። ለዓይን ማዝ በዓመት አንዴ የሚዋጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን አንብቦ ዘመቻው ሲመጣ በር የሚዘጋ እንዳይኖር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ2017 ሌተርሞቪር የተባለ መድኃኒት ሳይቶሜጋሎን ገና ሳይነሣ ለመከላከል ተፈቀደ። የሲያትሉ ማዕከል በ2020 እንደገና ሲያነጻጽር በሕክምናው መዘዝ የመሞት አደጋ ከ2003–2007ቱ በ34 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ወዲያው ኮቪድ መጣና ንቅለ ተከላ ካለፉት ሰዎች መካከል የተያዙትን መታ፤ በዓለም አቀፍ መዝገብ ከታዩት 318 ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል። በ2021 ሥር ለሰደደው ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. ሁለት አዳዲስ መድኃኒቶች፣ ቤሉሞሱዲልና ሩክሶሊቲኒብ፣ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። ዋጋቸው የሚነሣ አይደለም።

ኢትዮጵያስ በዚህ ሁሉ ጊዜ የት ነበረች? በ2001 ኢማቲኒብ የተባለው ኪኒን ሲመጣ አንዱን የደም ካንሰር ዓይነት፣ ቀድሞ ዋና ተስፋው ንቅለ ተከላ የነበረውን፣ በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን የሚያዝ አደረገው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም መድኃኒቱን በዕርዳታ እያገኘ ከየክፍለ ሀገሩ ለሚመጣ ሕመምተኛ ሰጥቷል። በደም ካንሰር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች በ2004 በልጁ ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። በ2013 ጥቁር አንበሳ ውስጥ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞችን የማሠልጠን ሥራ ተጀመረ። በ2015 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ኩላሊት ተከለ። የሌላ ሰው መቅኒ የሚያስፈልገው ኢትዮጵያዊ ግን ባሕር ማዶ፣ ብዙውን ጊዜ ሕንድ፣ መሄድ ግድ ሆኖበት ቆይቷል። ማስረጃውን ከሕክምና ቦርድ ያወጣል፣ ገንዘቡን ከዘመድ፣ ከዕድር፣ ከሕዝብ ያሰባስባል፣ የሚመሳሰለውን ወንድም ወይም እኅት ይዞ ይሄዳል። በ2021 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሲስፋፋ ደግሞ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ተዘረፉ፤ ንቅለ ተከላ ቀርቶ ተራ የደም ምርመራም ለወራት የሩቅ ነገር ሆኖ ነበር።

እንበልና አንድ የውርጌሳ ሰው ይህን ሁሉ አልፎ ዳነ፣ ተመለሰ። ደሴ ብቻዋን ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ናት፤ ውርጌሳ ከደሴ በወልድያው መንገድ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ነው። ሐኪሙ እንግዲህ ሩቅ ነው፣ ሳንባው ግን እዚህ ነው። ቤት ገብቶ የሚጠብቀው የማሽላ አጨዳ፣ ዐውድማ፣ ጎተራ ነው። ሻጋታው አስፐርጊለስ የሚኖረው በዚያ ነው፤ በረጠበ ድርቆሽ፣ በተከማቸ እህል፣ በውቂያው አቧራ። ለጤነኛ ገበሬ ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም፤ የተከላካይ ማፈኛ ኪኒን ለሚውጥ ሰው ግን የሳንባ ሞት ሊሆን ይችላል። የኩበት ጭስ የሞላው ማድ ቤት ቧንቧው እየጠበበ ላለ ሰው አይስማማም። ሳንባ ነቀርሳ ተኝቶባቸው የሚኖሩ ሰዎች በአገሩ ብዙ ናቸው፣ ተከላካዩ ሲፈዝ እሱም ይነሣል። በልጅነቱ የተከተበውን ክትባት ከድሮው መቅኒው ጋር ስላጣው እንደ ሕፃን እንደገና መከተብ አለበት፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጎልማሳ ልከተብ ነው የመጣሁት ሲል የሚገረሙበት ነርሶች አይጠፉም።

ከሁሉ ይልቅ የትንፋሽ ልኬቱ ነው። ስፓይሮሜትር የምትባለው መሣሪያ ሰው በሙሉ ኃይሉ ሲነፋ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ስንት አየር እንዳወጣ ትለካለች፤ በእጅ የምትያዝም አለች፣ አንዳንድ የባሕር ማዶ ሆስፒታሎች ለታማሚው ሰጥተው በየሳምንቱ ቤቱ እንዲነፋ ያደርጋሉ። በአየር ቧንቧው በሽታ ላይ ሐኪሞች የተስማሙበት መለኪያም ይኸው ነው፤ ያ ቁጥር ለቁመቱና ለዕድሜው ከሚጠበቀው ከ75 በመቶ በታች ሲወርድ ጉዳዩ ከባድ ነው። ነገር ግን 110 የነበረ ሰው 85 ቢገባ ገና ከመለኪያው በላይ ነው፣ ሰውየውም ደህና ነኝ ይላል፤ ያጣው ግን አንድ አራተኛ ገደማ ትንፋሹን ነው፣ ያም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ከሕንድ የሚመለስ ሰው የመድኃኒቱን ዝርዝርና የለጋሹን ወረቀት ብቻ ይዞ አይውጣ፤ ከንቅለ ተከላው በፊት የተለካው የትንፋሽ ቁጥሩም በፋይሉ ውስጥ መጻፉን አይቶ ይነሣ። ያ ቁጥር ከሌለ በሦስተኛው ወር ደሴም ይሁን ጥቁር አንበሳ የሚለካው ሐኪም አዲሱን ከምን ጋር ያነጻጽረዋል?